ማስተካከያ፦ ባለ .38 ሽጉጥ የ.357 ጥይት አይጎርስም

በአሜሪካ በርካሽ ስለሚገኙና በልብስ ስር ስለሚያዙ ትንንሽ ሪቮልቨሮች (ጥይት በሚሽከረከር ማጉረሻ የሚይዙ ሽጉጦች) ባለፈው ባወጣነው ጽሑፍ «ባለ .38 ስፔሻል ሽጉጥ የ.357 ማግነም ጥይትም ይተኩሳል» የሚል ነበር፤ ሁለቱም የጥይት ዓይነት ስሞች ናቸው። ትክክሉ ተገላቢጦሹ ነው። በ.357 ማግነም ሪቮልቨር የ.38 ስፔሻል ጥይት መተኮስ ይቻላል። በ.38ቱ የ.357 ጥይት ግን በፍጹም አይሞከርም።

የሁለቱ አረር ውፍረት አንድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። የ.357 ቀለህ ግን በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግፊቱ ደግሞ እጥፍ ነው። ባልተሠራለት ሽጉጥ ከተተኮሰ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እባካችሁ፣ ጥይት ከመግዛታችሁ በፊት በሽጉጡ በርሜል ላይ የተቀረጸውን የጥይት ዓይነት አንብቡ።

በዚያው ጽሑፍ ታውረስ 856 የተሰኘው ሪቮልቨር «አምስት ጎራሽ» የተባለውም ስድስት ጎራሽ ተብሎ ይነበብ። አምስት የሚጎርሱት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 እና ባለ .38ቱ ሩገር ኤልሲአር ናቸው።

«የቀለለው ይሻላል» ላልነውም ማብራሪያ ያስፈልጋል። 400 ግራም ገደማ የሚመዝን ሪቮልቨር ለመያዝ ይመቻል፤ ሲተኮስ ግን ወደ ኋላ ክፉኛ ይመታል። ለጀማሪ ትንሽ ከበድ ያለው ይሻላል ባይ ነን። ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እዚያ ሞክሩት። ለመለማመጃ ጥይት የሚሆንም ከበጀቱ ቀንሱ።

አንድ የቀረ ነገር፦ ቨርጂኒያ የሰጠችው ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ሜሪላንድም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አይሠራም። ቨርጂኒያ እየኖራችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ የምትሠሩ ወገኖች፣ ይህን ልብ በሉ።