ሞቶም ለሚያዘን የስኳዳችን ጀግና

ትናንት ማታ ያው እንደለመድነው ፐብጂ ላይ (እስከመጨረሻው ሳይሞት የቆየ የሚያሸንፍበት የተኩስ ጌም) ራንደም ስኳድ ገባሁና ከማላውቃቸው ሶስት ሰዎች ጋር ኤራንጌል የሚባለው ካርታ ላይ ወረድኩ። ማለቴ አወረደን፣ ምክንያቱም አንዱ ጀግና ፕሌኑ ሳይነሳ "ሁላችሁም ፎሎው አድርጉኝ፣ ፖቺንኪ ነን" ብሎ ወስኖልናል። ካርታው 8 በ8 ኪሎሜትር ነው፣ 100 ሰው ይዘልበታል፣ በሰላም የምትቆይበት ዞን ደሞ እየጠበበ ይሄዳል፣ ጀግናችን ግን ከዛ ሁሉ መሬት ሰው እንደ ጉድ የሚወርድባትን መንደር ነው የመረጠው። መሳሪያ ሳያነሳ በቡጢ ሊገጥም ሮጠና ወዲያው ሞተ። እናንተም ጋ ደርሷል፣ ስለዚህ ብዙ አላብራራም፣ እንዲያውም ይሄን ሰው ላመሰግነው ነው የመጣሁት።

ምክንያቱም ስራውን የጀመረው ከሞተ በኋላ ነው! ተራ ሰው ሲሞት ወይ ወጥቶ ሌላ ጌም ይገባል ወይ አፉን ዘግቶ ያያል። እሱ ግን ማይኩን ከፍቶ እስከመጨረሻው መራን። "ግራ! ግራህን እይ እንጂ!" "ምን ያስተኛሃል፣ ፑሽ አድርግ!" ፑሽ ስናደርግ፣ ማለትም ጠላት ላይ ስንሮጥ ደሞ "ማን ፑሽ አድርጉ አላችሁ?" እዚህ ጌም ላይ ሰው መምጣቱን የምታውቀው በኮቴው ነው፣ የኛ ጀግና ግን ኮቴ እንዳንሰማና እንዳንደነግጥ ስለሚያስብልን ለአንድ ሰከንድም ዝም አይልም።

እስቲ አስቡት፣ ሰውየው ሞቷል፣ የእድር ጥሩምባ ተነፍቷል፣ ሰፈርተኛው ድንኳን እየተከለ ነው፣ በዚህ መሃል ሬሳው ብድግ ይልና "ድንኳን እንደዚህ ነው እንዴ የሚወጠረው? ገመዱን ሳበው! አንተ ካስማውን ወደዛ!" ይላል። የእድሩ ዳኛ ቀስ ብለው "ልጄ አንተ እኮ ሞተሃል" ቢሉት "ሞቼም ከናንተ እሻላለሁ" ብሎ ያሳፍራቸዋል። ዞር ብሎ ንፍሮውን ይቀምስና ሽምብራው የት ሄደ፣ ስንዴ ብቻ ነው እንዴ የቀቀላችሁት ይላል። አልቃሿን ያቋርጣትና ግጥሙ አልጣመኝም እንደገና ጀምሪ፣ የእኔን ኪል፣ የገደልኩትን ሰው ብዛት ደሞ አልጠራሽም። ሳጥን ውስጥ ከገባም በኋላ ከውስጥ ክዳኑን እያንኳኳ "በዚህ አትሂዱ፣ በቀኝ ያቋርጣል!" ቄሱ ፍትሃት ሲጀምሩ "አባ ፈጠን ይበሉ፣ ዞኑ እየጠበበ ነው!" በመጨረሻ ህዝቡ ተሰላችቶ አፈሩን ሲመልስበት ከስር ታፍኖ የሚሰማው ምን መሰላችሁ? "ኖቦች፣ ጀማሪ ሁላ!"

ሌሎቹንም ማመስገን አለብኝ፣ ቅር እንዳይላቸው። ኤም 416 ይዞ ቦርሳውን በ7.62 ጥይት ጢም ያደረገውን ወንድማችንን ለምሳሌ። መሳሪያው የሚጎርሰው 5.56 ነው፣ 7.62 በሞቱም አይጎርስም። 7.62 የሚጎርሰውን ኤኬኤም የያዘው ጓደኛው ባዶ ጠመንጃ ታቅፎ "ወንድም ትንሽ ጣልልኝ" ሲለው "እኔም ያስፈልገኛል" ይላል። ለምን እንደሚያስፈልገው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ፣ ከነጥይቱ ሲሞት ደሞ የገደለው ሰው ንብረቱ የቀረበትን ሳጥን ከፍቶ ይባርከዋል። አራት ሰው የምትጭነውን መኪና ብቻውን አስነስቶ ሶስታችንን ሰማያዊው ዞን (የቆየበትን የሚገድለው አካባቢ) ውስጥ ጥሎን የሚበረውም አለ። እሱ እንኳን ስፖርት እንድንሰራ ብሎ ነው።

ቀልዱን ግን አንዴ ላቁመው። ኖክ የሆነን፣ ማለትም ተመትቶ የወደቀ ግን ያልሞተን ሰው ለማንሳት አጠገቡ ተንበርክከህ 10 ሰከንድ መቆየት አለብህ፣ መተኮስም መሸሽም አትችልም። ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ያለችውን አንድ ስሞክ (የጭስ ቦምብ) ወርውሮ ሜዳ መሃል ገብቶ ሲያነሳህ "ምን ያስቆይሃል" ብለህ እናቱን የምትሰድበው አንተ ምን አይነት ሰው ነህ? እናቱ ምን አደረገችህ? ሴት ልጅ "ከኋላችን ሰው አለ" ብላ ማይክ ስትከፍት የምትሏትንስ እህታችሁ አጠገባችሁ ቁጭ ብላ ትሉት ነበር? ስንቷ ናት በዚህ ምክንያት ማይኳን ዘግታ የምትጫወተው። ጌም ነው አትበሉኝ፣ ስድቡ ጌም አይደለም።

እሺ ወደ ምስጋናው። የሚገርመኝ ሚድል ኢስት ሰርቨር ላይ ከአረብ ልጆች ጋር ስገባ እኔ አረብኛ አላውቅ፣ እነሱ አማርኛ አያውቁ፣ ጠላት ያየ ያለበትን በምልክት ማርክ ያደርጋል፣ ጥይት የተረፈው መሬት ላይ ይጥላል፣ አለቀ። ከዛ አንድ ቀን ከማይክ ጀርባ የሆነ የሰፈር ዶሮ ይጮሃል፣ "ሐበሻ ነህ እንዴ?" እንባባላለን፣ በደስታ እንሞታለን፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደሞ የምር እንሞታለን፣ ምክንያቱም ቋንቋ ሲገጥም ሁላችንም አዛዥ ሆነን ታዛዥ ይጠፋል።

አንዳንዴ እንደምንም የቀረነው ተርፈን ዶሮዋን እንበላለን፣ በጌሙ ቋንቋ እናሸንፋለን። ሞቶ የቆየውም አብሮ አሸናፊ ይባላል፣ ህጉ ነው፣ አልተቃወምኩም። ግን ስክሪንሾት ለማንሳት ከሁላችን የሚፈጥነው እሱ ነው። ኪሉ ላይ ያለችውን ዜሮ በእሳት ኢሞጂ ይሸፍንና ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ዛሬም ሶስት ኖብ ተሸክሜ" ብሎ ይለጥፋታል። ከስር "አንበሳ!" "ብሮ እኔንም አንድ ቀን አስገባኝ" እየተባለ ይጎርፋል፣ እሱም አይኮራም፣ ለእያንዳንዱ በትህትና ይመልሳል፦ "ማታ ሶስት ሰዓት ግባ። ማይክህን ግን አጥፋ፣ እኔ ነኝ የማወራው።"