ማስተካከያ፦ በቨርጂኒያ ለአካል ጉዳት መክሰሻ ጊዜው 2 ዓመት ነው

ባለፈው ሳምንት ስለ መኪና አደጋ ካሳ ስንጽፍ «በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለመክሰስ 3 ዓመት አለ» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። 3 ዓመቱ የሜሪላንድ ነው። በቨርጂኒያ ለአካል ጉዳት ያለው ጊዜ አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው፤ 5 ዓመት የሚሰጠው ለመኪናው ጉዳት ነው። ከኢንሹራንሱ ሠራተኛ ጋር በስልክ መደራደር ደግሞ ጊዜውን አያቆመውም፤ ክሱ ፍርድ ቤት መግባት አለበት። «እያየነው ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» ሲባል ቀኑ እንዳያልፍብዎት።

«ቼኩን ተቀብሎ ሕመሙ ከባሰ እንደገና መጠየቅ ይቻላል» ያልነውም ትክክል አይደለም። ከቼኩ ጋር በሚላከው የስምምነት ወረቀት ላይ አንዴ ከፈረሙ፣ ከወር በኋላ የአንገትዎ ሕመም ጠንቶ ኤምአርአይ ቢታዘዝልዎት እንኳ ጉዳዩ በአብዛኛው ተዘግቷል። ሐኪምዎ ያሉበትን ሁኔታ በግልጽ ሳይነግርዎት አይፈርሙ።