ፈር ያወጣ ጎማ ፈሰስም ያውጣ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተር ያለን ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ጸጥታው ሲፈቅድ በወር አንዴ ወደ ጮቄ ተራራ እንወጣለን። አስፋልቱን አንፈልገውም፤ የምንፈልገው በገብስና በድንች ማሳ መሐል ሽቅብ ተጠማዞ ጅብራው ከሚበቅልበት ከፍታ የሚያደርሰውን የእግር መንገድ ነው። ስፖርት ነው እንላለን። ስም አውጥተን፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርተን ክለብ እንሁን የሚለው ወሬም ከተጀመረ ቆየ። እኔ ከቲሸርቱ በፊት ዶማ ይገዛ ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነሐሴ ዝናቡ ጋብ ሲልልን ወጣን። አጋማሽ ላይ አንድ አዛውንት ከነአህያቸው ቆመው ጠበቁን። ሰላምታውን በወጉ ጨርሰው፣ ጤናችንን፣ ወላጆቻችንን ጠይቀው ሲያበቁ በበትራቸው መሬቱን አሳዩን። ከወር በፊት ባለፍንበት፣ ጎማችን ያወጣው ፈር ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ቦይ ሆኗል። «ውሃው እዚህ በኩል መውረድ አያውቅም ነበር ልጆቼ፤ እናንተ አሳያችሁት» አሉ። ቢሰድቡን ይቀለን ነበር።

እውነታቸውን ነው። ሰውና አህያ መንገድን ይጠቀጥቃሉ፤ በርጥብ አፈር ላይ የሚሽከረከር የሞተር ጎማ ግን ይቆፍራል፤ በተለይ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት። የተቆፈረው ፈር ቁልቁል ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ የሚቀጥለው ዝናብ ተሰብስቦ የሚገባው እዚያው ነው። ውሃ በተሰበሰበ ቁጥር ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር አፈር ይዞ ይሄዳል። መንገዱ ጭቃ ሲሆን ደግሞ እግረኛው ዳር ዳሩን ይሄዳል፣ ሞተረኛው ከዳሩም ይወጣል። እንዲህ እያለ መንገዱ ወደ ሰው ማሳ ይሰፋል። ባለ ማሳው እሾህ ያጥራል። ጠቡ ከዚህ ይጀምራል።

መድኃኒቱን ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። የጎጃም ገበሬ ማሳውን ዘርቶ ሲጨርስ በሞፈርና በማረሻው ፈሰስ ያወጣል፤ ትርፉን ውሃ ሰብሉን ሳይነካ ወደ ዳር የሚያወጣ፣ ተዳፋቱን በሰያፍ የሚቆርጥ ቦይ ነው። የተራራ መንገድ የሚጠገነውም በዚሁ ነው፦ በየጥቂት እርምጃው መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ፈሰስ፣ ከታችኛው ጎኑ በድንጋይ የተደገፈ፣ አፉ ወደ ሣር ወይም ወደ ቁጥቋጦ የተከፈተ። ዳገቱ ሲብስ ፈሰሶቹ ይቀራረባሉ። ፈሰሱ በጣም ቁልቁል ከወረደ ይታጠባል፣ በጣም ከተጋደመ በደለል ይሞላል። አፉ ማሳ ላይ ከተከፈተ ደግሞ ችግሩን ለጎረቤት አስረክቦ መሄድ ነው።

ደምበጫ አካባቢ ያለው አንጀኒ ይህን የሚያውቅ ቦታ ነው። በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተከፈተበት፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ፋንያጁ የሚባለው፣ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው እርከን የተሠራበት ተፋሰስ ነው፤ እርከኑ ዛሬ ደረጃ ደረጃ የሆነ ማሳ ፈጥሯል። ስለዚህ እውቀቱ በመንደሩም በተመራማሪውም እጅ አለ። የጎደለው መንገዱን እንደ ማሳ የሚያይለት ሰው ነው። በየዓመቱ በጋ ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል፤ በእርከኑ መሐል ሰንጥቆ የሚወርደውን የአህያ መንገድ ግን ባለቤት ስለሌለው ይዘለዋል።

ገንዘቡንም እንይ። እኛ በየማደያው ለምንቀዳው ቤንዚን የመንገድ ፈንድ ይከፈላል፤ ፈንዱ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለፌዴራል፣ ለክልልና ለከተማ መንገዶች ጥገና ይውላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሕግ፣ ከመንገድ ውጪ ለሚነዳ ተሽከርካሪ ከሚቃጠለው ነዳጅ ታክስ ላይ ለዱር መንገዶች ድርሻ መድበዋል፤ 30 በመቶው ለሞተር መንገድ፣ 30 በመቶው ሞተር ለማይገባበት፣ ቀሪው ለጋራ አገልግሎት። ይህ ነገ ይደረግልን ብዬ አልጮህም። የሚያስገርመኝ ግን እነሱ ጋ ገንዘብ ኖሮም የሞተር ክለቦች አካፋ ይዘው መውጣታቸው ነው። እኛ ጋ ገንዘቡም አካፋውም የለም፣ ጋዙ ብቻ አለ።

ባለቤት የሌለው መንገድ ምን እንደሚገጥመው የሞጣ ሰው ይንገራችሁ። ከፋሲለደስ ዘመን የነበረው የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ የሚል ስም ብቻ ቀረለት። የጎጃምና የጎንደር ሰው በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር አሥርት ዓመታት አለፉ። ፎቶውን መጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ መጥቶ ነው እ.ኤ.አ. በ2002 የተጠገነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ለሚቀጥለው ደግሞ ሌላ መጽሔት እንጠብቅ?

እና ክለቡ ምን ይሥራ? መጀመሪያ ራሱን ያግድ። ከሰኔ እስከ መስከረም በእግር መንገድ ላይ ሞተር አይወጣም፤ ደጀንና ብቸና በኩል ያለው መረሬ፣ ጥቁሩ አፈርማ ቢሆን ድሮም አያስወጣም፣ ችግሩ ቀይ አፈሩ ነው፤ የሚያስወጣ ይመስላል። ሁለተኛ፣ በጥቅምት ይውጣ። ያኔ አፈሩ እርጥበቱን አልጨረሰም፣ ዶማ ይበላዋል፤ ጥር ላይ ድንጋይ ይሆናል። ደግሞም ጥቅምትና ኅዳር ገበሬው አጨዳ ላይ ስለሆነ ጉልበቱ የለም፤ የእኛ ጉልበት ዋጋ የሚያወጣውም ያኔ ነው። ግንቦት ላይ ደግሞ ደለሉን ለመጥረግ አንድ ቀን።

አንድ ችግር አለ፤ ውጭ አገር ያሉ ክለቦች አይገጥማቸውም። እነሱ ሥራቸውን ቅዳሜና እሑድ ያደርጉታል። እኛ ጋ ሁለቱም ሰንበት ነው። እሑድ ዶማ ተሸክሞ ጮቄ ሥር የታየ ከተሜ፣ መንገድ ሊሠራ መጣ ሳይሆን መቅሠፍት ሊያመጣ መጣ ነው የሚባለው፤ በዓመት በዓላቱም እንዲሁ። ስለዚህ መምህሩም፣ መካኒኩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም በዓመት ሁለት የሥራ ቀን ከፈቃዱ ይቁረጥ። ለቲሸርት ገንዘብ ያዋጣ ሰው ሁለት ቀን አያጣም። ቀበሌውን ማስፈቀድ፣ ቄሱንና ሽማግሌውን ቀድሞ መጠየቅም ግድ ነው።

እኛ አምስት ሆነን ሞክረነዋል። ከአዛውንቱ ቤት በላይ አምስት ፈሰስ ቆፈርን፣ ፎቶም ተነሣን። በቀጣዩ መስከረም በእግራችን ወጥተን ስናይ ሁለቱ በደለል ተሞልተው ውሃው በላያቸው አልፏል፤ አጋድመናቸው ነበር። አዛውንቱ በአውራ ጣታቸው መሬት ላይ መስመር አስምረው የሰያፉን ልክ አሳዩን። ድንጋዩን ለመንቀል የተጠቀምንበት ድጅኖ ከጎረቤት የተዋሱት እንደነበረም ያን ዕለት ነገሩን፤ ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ጠይቋቸዋል።