ቅጠሉ ወይስ ውህዱ? የቆዳ እርጅናን ስለማዘግየት ክርክር ከሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ እሬትና ሎሚ ፊት መቀባት የተለመደ ነው። ተክል የቆዳን እርጅና ያዘገያል ወይ በሚለው ሁለት የመዋቢያ ባለሙያዎች ተሟገቱ።

ደጋፊ፦ ፊት ላይ የምናየውን መጨማደድ አብዛኛውን የሚያመጣው ፀሐይ ነው። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐይቁ ነፋስ ስላቀዘቀዘን ጨረሩ የቀነሰ ይመስለናል እንጂ አልቀነሰም። ይኸው ጨረር ኮላጅንን (ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ፕሮቲን) የሚበሉ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ይህን የሚያበርዱ ውህዶች ተክል ውስጥ ሞልተዋል። ከባብቺ ተክል ዘር የሚገኘውን ባኩቺኦልን ይውሰዱ፤ በ44 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተፈትኖ መጨማደድን በመቀነስ ከሬቲኖል (ለመጨማደድ ከሚቀባው የቫይታሚን ኤ ዓይነት) እኩል ወጥቷል፤ መላላጡና ማቃጠሉ ግን ያነሰ ነበር።

ተቃዋሚ፦ ባኩቺኦሉን አልክድም። ግን 0.5 በመቶ ተመጥኖ ጠዋትና ማታ የሚቀባ ክሬም ነው እንጂ የተወቀጠ ቅጠል አይደለም። ሰፈር ውስጥ የሚቀባው ሎሚ ነው። «ቫይታሚን ሲ አለው» ይባላል፤ አዎ፣ በ100 ግራም ጭማቂ 30 ሚሊግራም ገደማ፣ ማለትም 0.03 በመቶ። የቫይታሚን ሲ ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ) የሚዘጋጀው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ጉዳቱ ግን ሙሉ ነው፦ ከልጣጩ ጋር የሚጨመቀው ፉሮኩማሪን የሚባል ውህድ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ጭማቂው በወረደበት መስመር ልክ የጠቆረ ምልክት ለወራት ይቀመጣል። ጤና አዳምም ያው ነው።

ደጋፊ፦ ለሎሚ ጥብቅና አልቆምኩም። እሬት ግን በደንብ ከተዘጋጀ ይጠቅማል። ቅጠሉን ቆርጠው ቁልቁል 15 ደቂቃ ያቁሙት፤ የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ (እሬትን እሬት ያሰኘው መራራው) ቆዳ ያሳክካል። ከዚያ ልጣጩን ገፈው የሚያበራውን ዝልግልግ ብቻ ይውሰዱ። እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ነገር ስለሌለ ፍሪጅ ውስጥም ከ3 ቀን በላይ አይቆይ፤ ከቀጠነ ወይም ከሸተተ ይደፋ።

ተቃዋሚ፦ ያ ቆዳ ያረጥባል፤ ለጥቂት ሰዓት የመጨማደዱ መስመር የጠፋ ይመስላል። ማርጠብንና ማዘግየትን አያምታቱብኝ።

ደጋፊ፦ እንግዲያውስ ፌሩሊክ አሲድን ምን ሊሉት ነው? ፉርሽካ ውስጥ ያለ ነው። 15 በመቶ ቫይታሚን ሲና 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ላይ 0.5 በመቶ ሲጨመር፣ በአሳማ ቆዳ ላይ በተደረገ ሙከራ ጨረር የመከላከል አቅሙን ከ4 ወደ 8 እጥፍ አሳድጎታል።

ተቃዋሚ፦ ፉርሽካው ውስጥ ከቃጫው ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፤ በአልካሊ ወይም በኢንዛይም ካልተላቀቀ፣ ፊትዎን ቢያሹበት የሚያተርፉት መቧጠጥ ነው። ሴረሙም ቢሆን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ3.5 ካለፈ ቫይታሚን ሲው ወደ ቆዳ በደንብ አይሰርግም፤ ቡናማ ከሆነ ይጣላል። ደግሞስ ሁለት ጣት ሙሉ የፀሐይ መከላከያ በላዩ ካልተቀባ ሴረሙ ብቻውን የት ይደርሳል?

ደጋፊ፦ እሱማ አያከራክርም፤ የተከራከርነው ከሥሩ ስለሚቀባው ነው።