ጎደሬ ታላቅ ወንድም የሆነበት አገር

ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ አንድ ቤት ተጋብዘን ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ጋባዦቻችን የደሴቱ ተወላጆች ናቸው። መሃል ላይ ፖይ የሚሉት ገንፎ መሰል ምግባቸው ቀረበ። ከጎኔ የተቀመጠው ያገሬ ልጅ በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰና «ጎደሬ እኮ ነው! የድሃ ምግብ ለእንግዳ ይቀርባል እንዴ?» ብሎ ሳህኑን ገፋው። በአማርኛ ስለተናገረ አልገባቸውም። ፊቱን ግን ሁሉም አይቶታል።

ያን ፖይ አዛውንቷ ጠዋት ሲሠሩት አይቼ ነበር። የተቀቀለውን ጎደሬ ልጠው፣ ረጅም ገበታ ላይ አድርገው፣ በከባድ ድንጋይ ይወቅጡታል። እጃቸውን ውሃ ነከር ያደርጉና ይገለብጡታል፣ እንደገና ይወቅጡታል። እስኪልም፣ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ እንደ ሊጣችን ይኮመጥጣል። ወፍራሙን በአንድ ጣት፣ ቀጭኑን በሁለትና በሦስት ጣት ይበሉታል። በእጁ ለሚበላ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል?

የፖይ ሳህን ተከፍቶ እያለ መጨቃጨቅ ነውር ነው። በነሱ ትውፊት የሰማይ አባት የሚሉት የዋኬያ የመጀመሪያ ልጅ ሞቶ ተወለደ፤ ከተቀበረበት ቦታ ጎደሬ በቀለ። ሁለተኛው ልጅ ሃሎዋ የሕዝቡ አባት ሆነ። ስለዚህ ጎደሬ ታላቅ ወንድም ነው። ታላቅ ፊት ደግሞ አይጣሉም።

ይህን ወንድም ለማቆየት ብዙ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1835 ካዋይ ደሴት ላይ ትልቅ የሸንኮራ እርሻ ተጀመረ። ሸንኮራ ውሃ ይጠጣል፣ ጎደሬም ያለ ውሃ አይሆንም። በ1870ዎቹ ማዊ ደሴት ላይ ወንዞቹ በቦይ ተጠልፈው ወደ ሸንኮራው ሲሄዱ የገበሬው የጎደሬ ማሳ ደረቀ። በ1893 ንግሥታቸው ሊሊኡኦካላኒ ተገለበጡ። ዛሬ የደሴቶቹ አብዛኛው ምግብ ከውጭ ነው የሚገባው፤ ሩዝና የቆርቆሮ ሥጋ ቤቱን ሞልቶታል፣ ስኳር በሽታውም አብሮ መጥቷል። በ1989 ኦዋሁ ላይ ዋያናኤ በሚባል ቦታ 20 ተወላጆች ለሦስት ሳምንት የአያቶቻቸውን ምግብ እስኪጠግቡ በሉ። በአማካይ ወደ 8 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። ጠግበው እየበሉ!

በ2002 ደግሞ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በሦስት የተዳቀሉ የጎደሬ ዝርያዎች ላይ የፓተንት መብት አወጣ። ገበሬው ተነሳ፣ ተማሪው ተነሳ፤ ዩኒቨርሲቲው በ2006 መብቱን ለቀቀ። እኛም በጤፍ ደርሶብን ያውቃል፤ የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን ኩባንያ የጤፍ ፓተንት የሻረው በ2018 ነው። በጤፉ ያልተናደደ አበሻ አላውቅም። ጎደሬ ቢሆን ኖሮስ ስንቶቻችን ድምፃችንን እናሰማ ነበር?

ይሄ ነው የሚያበሳጨኝ። ወላይታ፣ ከምባታ፣ ጋሞ ብትሄዱ በክፉ ቀን ስንቱን ቤት ያቆመው ጎደሬ ነው። አረካ የምርምር ማዕከል «ቦሎሶ 1» የሚባል ዝርያ አውጥቷል። ወላይታ ያደገች ጓደኛዬ ግን እንግዳ ሲመጣ ጎደሬው ጓዳ ገብቶ ዳቦ ይገዛ እንደነበር ነግራኛለች። ማን አሳፈራቸው? እኛው ነን፣ ከተሜዎቹ፣ «ጎደሬ በላ» እያልን።

ባለፈው አዲስ አበባ ስገባ አንድ የባህል ምግብ ቤት ጎደሬ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጁ የቀለድኩ መሰለው፣ ሳቀ። «ቺፕስ አለን፣ ላምጣልዎት?» አለኝ። የባህል ምግብ ቤት ነው የምላችሁ! አልፈልግም ብዬ ወጣሁ። አሁን ስጽፈው ራሱ ደሜ ይፈላል።