አበባ ከሜዳ ተለቅሞ አይመጣም!

ዛሬ አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፈው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ አበባ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ሚዜ የሙሽራዋን እቅፍ ወሰደ። «ወንድሜ፣ ጥላ ስር ይሁን፣ ግንዱ ከውሃ አይውጣ» አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ። 8 ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣ። ለካ እቅፉ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ በድሬ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆይቷል። «የሞተ አበባ ሸጥሽልኝ!» ብሎ ደንበኞቼ ፊት ጮኸብኝ። ኧረ አቦ! በዚህ ሙቀት እዚያ መኪና ውስጥ ሰው ራሱ ይቆያል?

እሱስ ቸኩሎ ነው እንበል። በየቀኑ የሚያቆስለኝ ግን «አገሩ ሁሉ አበባ ነው፣ ለምን ታስወድጃለሽ?» የሚለው ነው። አዎ፣ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ ትልካለች። ግን ያ ጽጌረዳ ድሬዳዋ ጓሮ አልበቀለም። እርሻዎቹ ወደ ሆለታ፣ ወደ ሰበታ ናቸው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ብርድ ባለበት። እኛ ያለነው 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። አበባው ሌሊቱን ተጉዞ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ እኔ ዘንድ ሲደርስ ከየእስሩ የተወሰነው አንገቱን ደፍቷል። እሱን የሚከፍልልኝ የለም። ከዚያ እሾሁን መላጥ፣ ግንዱን መቁረጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማሳደር አለ። መብራት ከጠፋ ደግሞ በረዶ ፍለጋ እሮጣለሁ። ይህን ሁሉ አድርጌ «ቅጠል ነው እኮ፣ በግማሽ ስጪኝ» ስባል እንባዬ ይመጣል።

አመራረጡም ያናድደኛል። ሰው ሁሉ ፍንትው ብሎ የፈካውን ያነሳል። የፈካው እኮ ዕድሜውን ጨርሷል! እምቡጡን ከስሩ በቀስታ ጫን አድርጉት፤ ጠንከር ካለ ትኩስ ነው። እምቡጡን ከውጭ የሸፈኑት ጠቆር፣ ሸካራ ያሉ የአበባው ቅጠሎችም የእርጅና ምልክት አይደሉም። ውስጡን በመንገድ እንዳይጎዳ የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሆን ብዬ እተዋቸዋለሁ። እናንተ ግን «አሮጌ ነው» ብላችሁ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ። ቤት ስትደርሱ ብትነቅሏቸው አበባው አይከፋውም።

ቤት ውስጥ የሚሆነው ደግሞ የባሰ ነው። አንዲት የማከብራቸው እናት «ያንቺ አበባ ሁለት ቀን አይቆይም» አሉኝ። ቤታቸው ሄጄ አየሁት። አበባው ከማንጎና ከሙዝ ሳህን አጠገብ ተቀምጧል፣ ቬንቲሌተሩ ፊት ለፊት ይነፍስበታል። የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባን ቶሎ ያረግፋል። ነፋሱም አበባውን ያደርቀዋል። እኛን ያቀዘቀዘን ሁሉ ለአበባው ይመቸዋል ማለት አይደለም። ከዚያ ጥግ አንስቼ፣ ግንዱን በሰያፍ ቆርጬ፣ ውሃ ውስጥ የገቡትን ቅጠሎች አራግፌ ውሃውን ቀየርኩላቸው። በየቀኑ ውሃ ይቀይሩ አልኳቸው። በሳምንቱ ደውለው «ልጄ፣ አሁንም አለ» አሉኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

የቅዳሜው ሚዜ ግን እስካሁን ይቅርታ አላለኝም። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መኪናው ይገባል። ባልዲዎቹን አጥቤ ውሃ ሞልቼ ጨርሻለሁ።