ከቆርቆሮው በፊት አናጢውን መጠየቅ

ከቅዳሜ ገበያ ብዙ በማይርቅ አንድ የጎንደር ሰፈር ያለው እድራችን በወርኃዊ ስብሰባው ማብቂያ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦለት ነበር። የሰፈሩ አረጋውያንና ወጣቶች በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ ቡና ይጠጡ፣ አረጋውያኑ ታሪክና ምክር ያካፍሉ፣ ወጣቶቹም በጉልበታቸው ያግዙ የሚል ነው። ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር ቢቀጠርም፣ መዋጮው ተቆጥሮ ሰው ከተበተነ በኋላ ጥቂቶቻችን እዚያው ቀርተን ነገሩን እንደገና አነሣነው፤ ከተባለው ውስጥ ፍሬ ያለው የመሰለኝን እዚህ አሰፍራለሁ።

መጀመሪያ የተቃወሙት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እድር፣ ማኅበርና ሰንበቴ ያለው ሕዝብ ሽማግሌና ልጅ የሚያገናኝ ፕሮግራም ከሌላ መዋስ አያስፈልገውም አሉ፤ እርሳቸው ባደጉበት ዘመን ማንኛውም ታላቅ መንገድ ላይ ያገኘውን ልጅ ይልከው፣ ይቆጣው፣ ሲያስፈልግም ይቀጣው ነበር፤ ይህን ያቋረጠው ስልክ እንጂ የፕሮግራም እጥረት አይደለም። በጤና ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤታችን ግን ዝም ብላ አላሳለፈችውም። «ጋሼ፣ ዛሬ ከተሰበሰብነው መካከል ትዳር ያልያዘ አባል አይተዋል?» አለቻቸው። መልስ አልነበራቸውም። የእድር አባልነት በቤተሰብ ስለሆነ ልጅ በአባቱ ስም ይሸፈናል፤ የራሱን ጎጆ እስኪወጣ ድረስ በስብሰባው ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ወጣቱ እድርን የሚያውቀው ድንኳን ሲተክልና አግዳሚ ወንበር ሲሸከም ነው። የአብሮነታችን ማስረጃ አድርገን የምንጠቅሰው ተቋም ራሱ ወጣቱን ከበር ውጭ ያቆመው መሆኑ በስብሰባ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

የአባላቱን መዝገብ በኮምፒውተር እንዲገለብጥ ተጠርቶ የመጣ፣ ከተመረቀ በኋላ ቋሚ ሥራ ያላገኘ ወጣት ይህን ሲሰማ ወንበሩን አስጠግቶ ገባበት። «እኛ የምንፈለገው ወይ ለመሸከም ነው ወይ ለመመከር ነው» አለ። በእሑዱ ዕቅድ ውስጥም የሚናገረው አንዱ ወገን፣ የሚያዳምጠው ሌላው መሆኑን አሳየና፣ ግልጽ ውል ይሻላል ብሎ በኔዘርላንድስ የዴቬንተር ከተማን ምሳሌ አመጣ። እዚያ ሁማኒታስ የተባለ የአረጋውያን መኖሪያ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያለ ኪራይ ክፍል ሰጥቶ፣ በምትኩ በወር 30 ሰዓት ለነዋሪዎቹ መልካም ጎረቤት እንዲሆኑላቸው ጠይቋል። መምህሩ «ይህ ኪራይ እንጂ ዝምድና አይደለም» ብለው አጣጣሉት፤ ዝምድናን ለማየት ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልግም ተናግረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የቃል ኪዳን ቤተሰብ ጠቀሱ፤ የከተማው ነዋሪ ከሌላ አካባቢ የመጣን ተማሪ እንደ ልጁ ተቀብሎ በዓሉን ከቤቱ ያውለዋል፤ ሰዓት የሚቆጥር የለም። ወጣቱ ግን እዚያም የሚያስተሳስረው ነገር እንዳለ አመለከታቸው፦ ተማሪው በከተማው ዘመድ የለውም፤ ዘመድ ያስፈልገዋል። የሰፈራችን ልጅ ግን የራሱ እናትና አባት እያሉት እሑድ ከሰዓት ለምን ይመጣል?

እዚህ ላይ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የነበሩት መሪጌታ ተናገሩ። በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የተባለውን የዜማ ትምህርት ሊማር ከሩቅ አገር የሚመጣው ደቀ መዝሙር ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ሲታመሙም ያስታምማል፤ «ነገር ግን ውኃ ልቅዳ ብሎ ከቤቱ የወጣ ተማሪ የለም» አሉ። የሚመጣው ዜማውን ፈልጎ ነው፤ አገልግሎቱ ትምህርቱን ተከትሎ ይመጣል፤ መምህሩም የሚከበሩት በሽበታቸው ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ስለያዙ ነው። (መሪጌታ ራሳቸው በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣሉ፤ ቢሆንም «አረጋውያን» በተባለ ቁጥር ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሆነው ይሰሙ ነበር። መምህሩም እንደዚሁ።)

የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ ሐሳቡን ከሙያዋ በኩል አጠናከረችው። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ በክሊኒክ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ጭንቀት ከበዛበት ሰው ጋር ተቀምጠው ችግሩን አንድ በአንድ እንዲፈቱ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሕሙማንን የተከታተለ ሲሆን፣ ከስድስት ወር በኋላ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት የጭንቀትና የድባቴ ምልክታቸው የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት በግልጽ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ የሚባለው ነገር፣ አለች፣ ሴቶቹ ብቸኝነታቸው እንዲቀልላቸው አለመጠራታቸው ነው፤ ሐኪም በማይበቃበት አገር ሥራ ተሰጣቸው።

ከሁሉም ይልቅ ክርክሩን ወደ ሰፈራችን የመለሰችው ግን ጠላ ጠምቃ የምትተዳደር ሴት ናት። ባለፈው ክረምት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች የአንዲት ባሏ የሞተባትን አሮጊት ጎረቤቷን ጣሪያ ሊያድሱ መጥተው ነበር። ቆርቆሮው አዲስ ነበር፤ ልጆቹም ተግተው ሠርተዋል። ነገር ግን ምስማሩን ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ መቱት እንጂ ከፍ ባለው ጉብታ ላይ አልመቱትም። አጥር ለአጥር የሚኖሩት አዛውንት አናጢ ዕድሜያቸውን ጣሪያ ሲያለብሱ የኖሩ ናቸው፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያዩ ነበር። ሊናገሩ ሲነሡ «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ብለው በትሕትና መለሷቸው። ከዚያ ሁሉም ፎቶግራፍ ተነሥተው ሄዱ፤ በነሐሴ ዝናብ ውኃው በየምስማሩ ቀዳዳ እየገባ የአሮጊቷን አልጋ አራሰው። በመጨረሻ ጠላ ጠማቂዋ ራሷ ሁለት የሰፈር ልጆች ለመነች፤ አናጢው በርጩማ ላይ ሆነው ከታች እየነገሩ፣ ልጆቹ ከላይ ምስማሩን ነቅለው ቀዳዳውን በሬንጅ ደፍነው ጉብታው ላይ መልሰው መቱት። ከሁለቱ አንዱ ዛሬም የጣሪያ ሥራ ሲያገኝ ዋጋውን ለመተመን አናጢው ዘንድ ይሄዳል፤ ሲሄድም እግረ መንገዱን መድኃኒት ገዝቶ ያደርስላቸዋል። ይህን እንዲያደርግ ያዘዘው የለም።

መምህሩ የዚህን ታሪክ ጥቅም ሳይክዱ አንድ ከባድ ጥያቄ ጣሉ፤ ሽማግሌ ሁሉ ባለሙያ አይደለም፤ አልጋ የያዘውስ፣ የልጁን ስም የረሳውስ ምን ያስተምራል? ጨርሶ የመለሰላቸው የለም፤ መሽቶም ስለነበር ተለያየን።

እኔ ነገሩን ሳመዛዝነው፣ የእሑዱ ቡና ክፉ ሐሳብ ባይሆንም የታሰበለትን የሚፈጽም አይመስለኝም። ጎርደን ኦልፖርት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ዘር ጥላቻ ሲጽፍ፣ የተራራቁ ወገኖች ስለተገናኙ ብቻ እንደማይቀራረቡ፣ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ቦታ፣ የጋራ ግብ፣ ተባብሮ መሥራትና የበላይ አካል ድጋፍ ሲኖር ግን ጥላቻው እንደሚቀንስ አስረድቷል። በዕድሜ ለተራራቁትም መለኪያው ይሠራል። ቡናው የእድሩን ድጋፍ ያገኛል፤ የቀሩትን ሦስቱን አያገኝም፤ አንዱ መካሪ ሌላው ተመካሪ ሆኖ ይቀመጣልና፣ በመካከላቸውም የሚሠራ ነገር የለም። በወጣቱ ሐሳብ ግማሹን እስማማለሁ፤ ውል መኖሩ ነውር አይደለም፤ ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ውል ግን እዚህ ሰፈር ብዙ ይቆያል ብዬ አላምንም።

የመምህሩ ጥያቄ ደግሞ መልስ አለው፤ ደስ የሚል መልስ ግን አይደለም። አልጋ የያዘ ሰው የሚያስፈልገው አስታማሚ ነው፤ አስታማሚነት ተራ ወጥቶለት፣ ማን መቼ እንደሚሄድ በእድሩ መዝገብ ተጽፎ ሊሠራ ይገባል። ይህን «የትውልድ መገናኛ» እያልን ስናሞግሰው የሚቀለው ለታማሚው ሳይሆን ለእኛ ነው፤ እስካሁንም ሸክሙን ብቻቸውን የተሸከሙት በየቤቱ ያሉ ሴቶች ልጆችና ምራቶች መሆናቸውን ይሸፍንልናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፄን የምሰጠው ለሌላ ሐሳብ ነው። እድሩ ከሰኔ በፊት የሚያፈሱትን ቤቶች ይመዝግብ፤ የትኛው ይጠገን፣ በምን ይጠገን የሚለውን አናጢው ይወስኑ፤ ጥገናውን የሚሠሩት ልጆች ተወካይም በእድሩ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ያለው አባል ሆኖ ይቀመጥ፣ ያላገባ ቢሆንም። የሠሪዎቹን የምሳ ወጪ እድሩ ይቻል፤ ጉልበትን በነጻ የመጠየቅ ልማዳችን ወጣቱን ካራቁት ነገሮች አንዱ ነውና። መምህሩ ይህን የመጨረሻውን እንደሚቃወሙት ከወዲሁ ነግረውኛል።